ሦስት ኮርድና አንድ ቀኝ እጅ

ፓንክ ሮክ ቀላል ነው የሚሉ ሰዎች ግራ እጃቸውን ብቻ ነው የጠየቁት።

ክሩን ለሚጫነው ለግራ እጅ እውነትም ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1977 እንግሊዝ አገር «ሳይድበርንስ» የምትባል፣ አድናቂዎች የሚያዘጋጇት የፓንክ መጽሔት አንድ ሥዕል አወጣች። ሦስት የጊታር ኮርዶች (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ተጫጭረዋል፤ ኤ፣ ኢ እና ጂ። መልእክቱ ባጭሩ፣ ይኸው ሦስት ኮርድ፣ በሉ ሂዱና ባንድ መሥርቱ ነው። ሥዕሏ ዛሬም ቲሸርት ላይ ትታያለች።

እነዚያን ሦስት ኮርዶች አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ መያዝ ይቻላል። ጣት ይቆስላል፣ ክሩ ይንጣጣል፣ ግን ይቻላል። ጣጣው ያለው ክር መምቻውን ፒክ በያዘው እጅ ላይ ነው።

ጊታር ያነሳሁት አርባን ከተሻገርኩ በኋላ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ግድግዳው ስስ የሆነ አፓርታማ ውስጥ ነው። ሥራ አለ፣ ልጆች አሉ፣ እድር አለ። ታላቅ እህቴ መጀመሪያ ሰሞን «አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ?» ትለኝ ነበር። ደህና ነኝ። ልምምድ ላይ ነኝ።

የጀመርኩት ጀማሪ ሁሉ በሚጀምርበት ነው፤ በራሞንስ «ብሊትዝክሪግ ቦፕ»። ራሞንሶች ከኒውዮርክ፣ ከኩዊንስ የወጡ አራት ልጆች ናቸው። በ1976 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው 14 ዘፈን ይዞ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ለቀረጻው የወጣው ገንዘብ 6,400 ዶላር ገደማ ነበር። «ብሊትዝክሪግ ቦፕ» የአልበሙ መክፈቻ ነው። ከሁለት ደቂቃ ብዙም አያልፍ። አብዛኛው ኤ፣ ዲ እና ኢ ነው። ወረቀት ላይ ላየው ሰው የልጅ ጨዋታ ይመስላል።

ጊታሪስቱ ጆኒ ራሞን ግን ክሩን የሚመታው ወደ ታች ብቻ ነበር። ላይ ታች ብሎ ነገር የለም። ታች፣ ታች፣ ታች። የዘፈኑ ፍጥነት በደቂቃ 176 ምት አካባቢ ነው፣ በእያንዳንዱ ምት ደግሞ ሁለት ጊዜ ይመታል። ስታሰሉት በሰከንድ ስድስት ጊዜ ገደማ ይመጣል። መድረክ ላይ ደግሞ የአንዱ ዘፈን ጭብጨባ ሳይበርድ «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ፣ ፎር» ይባልና ቀጣዩ ይነሳል። እረፍት የለም።

ወደ ላይም ብመታ ድካሙ በግማሽ ይቀንስልኛል ብዬ ሞከርኩ። ድካሙ ቀነሰ። ዘፈኑም አብሮ ጠፋ። ምክንያቱ የሚሰማ ነገር ነው። ወደ ታች ስትመቱ ፒኩ መጀመሪያ የሚያገኘው ወፍራሙን ክር ነው፣ የእጅ ክብደትም ይታከልበታል። ወደ ላይ ስትመቱ ቀጭኑ ክር ይቀድማል፣ ምቱም ይሳሳል። አንዱ ከባድ አንዱ ቀላል እየሆነ ሲሄድ ዘፈኑ እስክስታ ሊወርድ ይዳዳዋል። ለብዙ ሙዚቃ ይሄ ጌጥ ነው። እዚህ ግን እያንዳንዱ ምት እኩል መውደቅ አለበት፣ አለዚያ ያ የሚገፋው ነገር አይመጣም።

ታዲያ ክንድ ይደርቃል። ከክርን በታች ያለው ጡንቻ ይደነድናል። ፒኩ በጣቶች መሐል መሽከርከር ይጀምራል። ሰው በዚህ ጊዜ በደመ ነፍስ የሚያደርገው ፒኩን ጨምድዶ መያዝ ነው፣ እሱ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። መድኃኒቱ ተቃራኒው ነው። ፒኩን እንዳይወድቅ ያህል ብቻ መያዝ። ከክርን ሳይሆን ከእጅ አንጓ መምታት። ፒኩን ከክሩ ብዙ አለማራቅ። ዋናው ግን እጅ ወደ ላይ ሲመለስ ጡንቻውን መልቀቅ ነው። በሰከንድ ስድስት ጊዜ የሚመታ ሰው በሰከንድ ስድስት ጊዜ ማረፍ አለበት። ጆኒ ራሞን ያን ሁሉ ዓመት የዘለቀው ጉልበተኛ ስለነበረ ብቻ አይመስለኝም። ማረፊያውን ያውቅ ነበር።

እኔ የስልኬን ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) በደቂቃ 120 ላይ አድርጌ፣ አንድ ኮርድ ብቻ ይዤ፣ ምድጃው ላይ ያለው ምስር እስኪበስል እመታለሁ። ሳያመኝ ካለፈ አምስት እጨምራለሁ። ካመመኝ አቆማለሁ። ሆስፒታል ስለምሠራ የእጁ ጅማት የተጎዳበት ሰው ስንት ወር እንደሚቸገር አይቻለሁ። ሕመም እያለ መግፋት ጀግንነት አይደለም። ሌሊት ተረኛ ሆኜ ያደርኩ ዕለት ደግሞ ጊታሩን አልነካውም፣ ምስሩም ከትናንት የተረፈ ነው።

አንድ ዘዴ ላካፍላችሁ። ያ የራሞንስ የመጀመሪያ አልበም ሲቀናበር ጊታሩን በቀኝ በኩል፣ ቤዝ ጊታሩን በግራ በኩል ለያይተው ነው ያስቀመጡት። ጆሮ ማዳመጫችሁን አድርጋችሁ የግራውን ብታወልቁ ጆኒ ከከበሮውና ከድምፃዊው ጋር ብቻ ይቀርላችኋል። መቼ ክሩን በመዳፉ እንደሚያፍን፣ መቼ እንደሚለቅ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ቀኙን ብታወልቁ ደግሞ ጊታሩ ይጠፋል፣ ቦታውን እናንተ ትሞላላችሁ። ነፃ አስተማሪ፣ ነፃ ባንድ። ከዚህ የተሻለ የመለማመጃ አልበም አላገኘሁም።

እህቴ ቡና ልትጠጣ መጥታ ቁጭ ብላ ሰማችኝና «እሺ፣ ዜማው የታለ?» አለች። ጥያቄዋ የዋዛ አይደለም። ጊታር ሲባል እሷ ጆሮ ውስጥ ያለው የሮሃ ባንዱ ሰላም ስዩም ነው። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ጊታሩ ገብቶ መልስ ይሰጣል፣ ይጠመዘዛል፣ ይወጣል። እኔም በዚያው ነው ያደግኩት። ፓንክ ላይ ጊታሩ መልስ አይሰጥም። መልስ ለመስጠት ጊዜ የለውም።

ዜማው የሌለበት ምክንያት ኮርዱ ውስጥ ነው። እዚህ የሚያዘው ፓወር ኮርድ የሚባለው ነው። ሌባ ጣት ስድስተኛው (ወፍራሙ) ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ (ፍሬት አንገቱ ላይ በአግድም የተደረደሩት ብረቶች ናቸው)፣ የቀለበት ጣት አምስተኛው ክር ሰባተኛው ፍሬት ላይ፣ ትንሿ ጣት ከሥሩ ያለው ክር እዚያው ሰባተኛው ፍሬት ላይ። ይሄ ኤ ነው። ቅርጹን ሳይቀይሩ አንድ ክር ወደ ታች ማውረድ፣ ዲ። እዚያው ሁለት ፍሬት ወደ ፊት መግፋት፣ ኢ። ዘፈኑ አለቀ ማለት ይቻላል። ኮርዱ ውስጥ ያሉት ድምፆች ሁለት ብቻ ናቸው፤ መነሻውና ከእሱ ሲቆጠር አምስተኛው። ትንሿ ጣት የያዘችው መነሻውን ራሱን ከፍ አድርጋ ነው። ሦስተኛው ድምፅ የለም።

ያ ሦስተኛ ድምፅ ለእኛ ጆሮ ትልቅ ጉዳይ ነው። ትዝታ ሜጀርና ትዝታ ማይነር የሚለያዩት በሦስተኛውና በስድስተኛው ድምፅ ነው። ሁለቱን ግማሽ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ስታደርጓቸው ሆድ የሚያባባው ትዝታ ይመጣል። ፓወር ኮርድ ሦስተኛውን ሲያወጣ ኮርዱ ደስተኛም አይሆን፣ ሐዘንተኛም አይሆን። ውሳኔውን ለዘፋኙ ይተወዋል። መተዉ ግን ለውበት ብቻ አይደለም። ድምፁን የሚያሻክረው ዲስቶርሽን ሲበዛ ሙሉ ኮርድ ይደፈርሳል። ሦስተኛው ድምፅ ከሌሎቹ ጋር እየተጋጨ ያጉረመርማል። መነሻውና አምስተኛው ግን ስለሚስማሙ የፈለጋችሁትን ያህል ብታጮኹት ጠርቶ ይቆማል።

ይሄን ለእህቴ አስረዳኋት። «እና አውቀው ነው ያወጡት?» አለች። አዎ፣ እትዬ። «አይ፣ እንግዲህ።» ቡናዋን ጠጣች።

በጣም የጠቀመኝ ግን ክራር ነው፣ ይሄን አልጠበቅኩም። አጎቴ ክራር ይመታ ነበር። በመምቻ ሲገርፍ መምቻዋ ሁሉንም ክር ነው የምትነካው። ታዲያ እንዴት ዜማው ብቻ ይሰማል? የግራ እጁን ጣቶች ስታዩ ይገባችኋል። ጣቶቹ ክሮቹን ተደግፈው ያፍኗቸዋል። እንዲጮህ የፈለገውን ክር ብቻ ጣቱን አንስቶ ይለቀዋል። ቀኝ እጅ ዝም ብሎ ይገርፋል፣ የሚመርጠው ግራው ነው።

የፓንክ ጊታርም እንዲሁ ነው። በዚያ ፍጥነት ቀኝ እጅ ክር እየመረጠ መምታት አይችልም። ዲ ስትይዙ የሌባ ጣት ጫፍ ስድስተኛውን ክር ነካ አድርጎ ዝም ያሰኘዋል፣ የጣቱ ሆድ ደግሞ ቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ሳይጫን ይተኛል። ቀኝ እጅ እንደፈለገ ቢገርፍ የሚወጣው ኮርዱ ብቻ ነው። ብዙ ጀማሪ ኮርዱን በትክክል ይዞ ለምን እንደሚንጫጫበት አይገባውም። የሚንጫጨው ያልያዘው ክር ነው።

አሁን «የሐበሻ ሴት ፓንክ ምን አገናኛት?» የሚለው ጥያቄ። ሰው ሁሉ ስለሚጠይቀኝ እዚህ ልመልሰው። እዚህ አገር እንደመጣሁ የሠራሁት ዋሽንግተን ዲሲ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ነው። ቦታው ከ9ኛውና ከዩ ጎዳና ብዙም አይርቅም፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ሰፈር። እዚያው ቅርብ፣ ቪ ጎዳና ላይ፣ ናይን ሰርቲ ክለብ አለ። ክለቡ በ1980 ኤፍ ጎዳና ላይ ተከፍቶ በ1996 ነው ወደ ቪ ጎዳና የተዛወረው። ማታ ማታ ኮንሰርት የሚመጣው ሰው በእኔ መስኮት ያልፋል።

አንድ ማታ የአንዱ ቲሸርት ዓይኔን ያዘው። መብረቅ የካፒቶልን ጉልላት ሲመታ ያሳያል። ቀለሙ የኛ ነው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። «ይሄ የኢትዮጵያ ባንዲራ ነው?» አልኩት። ሰውየው ሳቀና «ባድ ብሬይንስ ናቸው፣ ግን አዎ፣ አልተሳሳትሽም» አለኝ። ከኋላው ያለው መኪና ጥሩንባ ነፋ፣ ወሬው እዚያ ላይ ቆመ።

ቤት ገብቼ ፈለግኳቸው። ባድ ብሬይንስ ከዋሽንግተንና ከአካባቢዋ የወጡ ጥቁር ወጣቶች ናቸው። ሲጀምሩ ማይንድ ፓወር በሚል ስም ጃዝ ፊውዥን ይጫወቱ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ፓንክ ዞሩ፣ ሬጌንም ራስተፈሪያንነትንም ያዙ። በዚያ እምነት ደግሞ ጃንሆይ ምን እንደሆኑ እናንተም ታውቃላችሁ። በ1982 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው በካሴት ብቻ ነበር የታተመው፣ ያ ቲሸርት ላይ ያየሁት ሥዕል የካሴቱ ሽፋን ነው። ካሴቱ ውስጥ በዚያ ዘመን ከነበሩት ፈጣን ዘፈኖች የሚቆጠሩ አሉ፣ ከዚያ ድንገት ሁሉም ረገብ ብሎ ሬጌ ይመጣል። የአንድ ባንድ ሥራ አይመስልም።

የዲሲ ፓንክ ሰፈሮች የኛም ሰፈሮች መሆናቸው ይገርመኛል። ባድ ብሬይንስ መጀመሪያ ሰሞን ከተጫወቱባቸው ቦታዎች አንዱ አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው ጎዳና ላይ ነበር። ያ ጎዳና ለሐበሻ ምን እንደነበረ የዲሲ ነባር ነዋሪዎች ይነግሯችኋል። ማይነር ትሬት የተባለው ባንድ ልጆች ዲስኮርድ የተባለውን አሳታሚያቸውን ከአርሊንግተን፣ ቨርጂንያ ነበር የሚያንቀሳቅሱት። የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ሽፋን በእጃቸው እየቆረጡና እያጣበቁ። አርሊንግተን ውስጥ ዘመድ የሌለው ሐበሻ ካለ እጁን ያውጣ።

ወደ ዕቃው ልምጣ።

ስለ ፓንክ ጊታር ስታነቡ ሁሉም ስለ ታዋቂዎቹ ጊታሮች ያወራል፣ ሰዎቹ እንዴት እንዳገኟቸው ግን ይዘለላል። ጆኒ ራሞን በ1974 ማኒስ ከሚባለው የኒውዮርክ ሱቅ ሞዝራይት ጊታር ሲገዛ የከፈለው 50 ዶላር አካባቢ ነበር። የመረጠው ርካሽ ስለነበረ ነው። ያ ጊታር በ1977 ተሰረቀበትና ሌላ ሞዝራይት ገዛ። ይሄ ሁለተኛው በ2021 ጨረታ ላይ ከ900 ሺህ ዶላር በላይ ተሽጧል። የእንግሊዙ ፓንክ ባንድ የሴክስ ፒስትልስ ጊታሪስት የስቲቭ ጆንስ ነጭ ሌስ ፖል ጊታር ቀድሞ ኒውዮርክ ዶልስ የተባለው ባንድ ጊታሪስት የሲልቬይን ሲልቬይን ነበር፣ የፒስትልሶች ማኔጀር ነው ከአሜሪካ ይዞለት የመጣው። ባጭሩ፣ ያገኙትን ነው የተጫወቱት። ዛሬ የእነሱን ዓይነት ጊታር ለመግዛት ብድር የሚወስድ ሰው አለ። ይሄ ከፓንክ በጣም የራቀ ነገር ነው፣ ግን በሰው ገንዘብ ምን አገባኝ።

እኔ ያገለገለ ነው የፈለግኩት። የሙዚቃ ዕቃ መሸጫው ውስጥ ያለው ልጅ ገና ስገባ ባለ 100 ዋት ድምፅ ማጉያ (አምፕ) እና በእግር የሚረገጡ አራት ድምፅ መቀየሪያ ፔዳሎች ሊያሸክመኝ ነበር። ምን ልጫወት እንደምፈልግ ስነግረው እንኳ ከፔዳሎቹ አልወረደም። መርካቶ እየተላከ ያደገ ሰው ግን ዕቃ ሳያገላብጥ አይገዛም። የጊታሩን አንገት ከጫፉ አየሁት፣ ተጣሟል ወይስ ቀጥ ብሏል። እያንዳንዱን ፍሬት በእያንዳንዱ ክር ተጭኜ መታሁ፣ የሚንዛዛ አለ ወይ። ገመዱን ሰክቼ መሰኪያውን ነቅነቅ አደረግኩት፣ ይንኳኳል ወይ። ከዚያ ቃኝቼ ደቂቃ ያህል በኃይል ገረፍኩትና እንደገና ቅኝቱን አየሁ። ይሄ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ፓንክ የሚገረፍ ሙዚቃ ነው። ተገርፎ ቅኝቱን የማይጠብቅ ጊታር፣ ወርቅ ቢለበጥ ምን ያደርጋል።

የወሰድኩት የክሩን ድምፅ የሚይዝ ፒክአፕ አንድ ብቻ ያለው፣ የሌስ ፖል ጁኒየር ዓይነት ኤፒፎን ነው። ፒክአፑ ፒ-90 የሚባለው ነው። ማዞሪያው ሁለት ብቻ፣ ቮሊዩምና ቶን። የሚመረጥ ነገር ስለሌለ የሚባክን ጊዜ የለም። ፒ-90 ነጠላ የሽቦ ጥቅል ስለሆነ ከመብራቱ የሚመጣውን እምም የሚል ድምፅ ይስባል። ይሄ የሚያናድዳችሁ ከሆነ ሀምበከር ያለው ውሰዱ፣ ሁለቱ ጥቅሎች ያንን ድምፅ እርስ በርስ ያጠፉታል። እኔ ዘፈን ሳቆም ቮሊዩሙን ዜሮ አደርጋለሁ፣ በቃ።

አምፕ ላይ ሰው የሚሳሳተው ዋት ስለሚቆጥር ነው። ዋቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ለጆሮ የሚሰማው ጩኸት እጥፍ ገደማ ነው የሚጨምረው። ስለዚህ ባለ 10 ዋት አምፕ ከባለ 100 ዋቱ አሥር ጊዜ ደካማ አይደለም። አፓርታማ ውስጥ ባለ 10 ዋቱም ጎረቤት ያጣላል። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ያለው ትንሽ አምፕ ይበቃል። ካልሆነም ኃይሉን ዝቅ ማድረግ የሚቻል ምረጡ። የቦስ ካታና 50 ለምሳሌ እስከ ግማሽ ዋት ይወርዳል። ዲስቶርሽኑን ደግሞ ከምታስቡት ቀንሱት። ሲበዛ ስሕተታችሁን ይሸፍንላችኋል፣ ምታችሁንም አብሮ ይበላዋል። መካከለኛውን ድምፅ አትቀንሱት፣ ጊታሩ የሚኖረው እዚያ ነው። ፔዳል አልገዛሁም። አላማረኝም ማለት ግን አይደለም።

ክር፣ ውፍረቱ ከ10 እስከ 46 (በኢንች ሺኛ) ያለው የተለመደው ይሆናል። ፒክ ላይ ግን አንጀቴን ያራሰኝ ነገር አለ። ደንሎፕ ቶርቴክስ የሚባሉት ፒኮች ውፍረታቸው በቀለም ነው የሚለየው። 0.50 ሚሊሜትሩ ቀይ፣ 0.73ቱ ቢጫ፣ 0.88ቱ አረንጓዴ። ሦስቱን ገዝቼ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ሳቅሁ። ቀዩ በጣም ይለመጣል፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አረንጓዴው ጠንካራ ነው፣ ስደክም ክሩ ላይ ይይዘኛል። ቢጫው ላይ ረግቻለሁ።

ወደ 1990ዎቹ ዘፈኖች ስትሻገሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ግሪን ዴይ የተባለው የፓንክ ባንድ በ1994 ባወጣው «ዱኪ» አልበም ላይ ብዙዎቹ ዘፈኖች ጊታሩ ግማሽ ድምፅ ወርዶ የተቃኘባቸው ናቸው። ኮርዱን በትክክል ይዛችሁ ከቅጂው ጋር አልገጥም ካላችሁ ጣታችሁን ሳይሆን ቅኝቱን ጠርጥሩ።

በቅርቡ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው የወንድሜ ልጅ ተነሳበት። «አክስቴ፣ ጊታርና አምፕ ላኪልኝ» ይላል በቴሌግራም። ጊታሩ ችግር የለውም። አምፑ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። እዚህ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ አዲስ አበባ 220። ከዚህ የተገዛ አምፕ ጀርባው ላይ ሁለቱንም እንደሚቀበል ካልተጻፈ በቀር ሶኬቱን ብቻ ቀይሮ መሰካት ማቃጠል ነው። ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር መላክ ይቻል ነበር፣ እሱ ደግሞ ብረት ነው፣ የሻንጣውን ኪሎ ይበላዋል። በመጨረሻ በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ አምፕ ላይ ተስማማን። መብራት ሲጠፋም ይሠራል።